«ቼ በለው» ግልባጭ ነው ላላችሁ

ጓዶች! «ቼ በለው» የአሜሪካ ፈንክ ግልባጭ ነው የሚል ወሬ በየዶርሙ ይናፈሳል። ኧረ ጆሮ ይፍረድ!

ዋልያስ ባንድ ይህን አልበም በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ኦርጋኑም፣ ቤዝ ጊታሩም፣ የሶሉ ምትም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ማን ካደ? ዜማው ግን ከቅኝታችን የተቀዳ ነው። የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን፣ ግርማ በየነ የደረሰውን «ሙዚቃዊ ስልት» እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙ። የጃክሰን ወንድማማቾችን ባንድ ያደረጋቸው ሥጋ ነው፤ ዋልያሶችን ቤተሰብ ያደረጋቸው አብሮ መጫወት።

ግልባጭ ቢሆንማ በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ምን ሊያደርግለት ዳግም አሳተመው? የገዛ ዕቃውን ሊገዛ?

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። እነዚሁ ሰዎች የአገውኛ ዜማ በኪቦርድ ሲሰሙ «ተበላሸ» ይላሉ። ዘፈናችን ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ከፈረሰኞቹ ጋር ታይቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ይተኛ ማለት ነው? «ቼ» ፈረስ መንጃ መሆኑን ለአዊ ልጅ ማን ያስተምረዋል! ኮርቻው ውሰት ቢሆንም ፈረሱ የኛ ነው። ኪቦርድ ያላችሁ፣ የአያቶቻችሁን ዜማ አምጡና ቼ በሉት!