የተባረረ አገልጋይ ለማን አቤት ይበል?

«ሊበራል» በሚባል ቤተ እምነት ውስጥ ሰው በሐሳቡ ምክንያት የሚባረር አይመስለንም። ማውገዝና ማባረር የጥብቆቹ ሥራ ነው እንላለን፤ ለቀቅ ያሉት ግን ሁሉንም ያቅፋሉ። አሜሪካ ውስጥ የሆነ አንድ ጉዳይ ይህን ግምት ያፈርሰዋል።

ዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት የሚባለው ቤተ እምነት በ1961 እ.ኤ.አ. ሁለት የቆዩ ማኅበራት ተዋህደው የመሠረቱት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቦስተን ነው። አባል ለመሆን «ይህን ታምናለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ የለም። በእግዚአብሔር የሚያምነውም የማያምነውም አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በወቅቱ ይመሩባቸው ከነበሩ ሰባት መርሆች አንዱ እውነትን በነፃነትና በኃላፊነት መፈለግ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የሕሊና መብት።

በ2019 ዓመታዊ ጉባኤያቸውን ያደረጉት በዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን ከተማ ነው። የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሬቨረንድ ቶድ ኤክሎፍ ሦስት ድርሰቶች የያዘ መጽሐፋቸውን ለጉባኤተኛው አደሉ። መጽሐፉ ቤተ እምነቱ የተለየ ሐሳብ መስማት እያቃተው መጥቷል ይላል፤ የ1961ዱ ውህደት ይፍረስ እስከማለትም ይደርሳል።

ቁጣው የመጣው ወዲያው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጭ አገልጋዮች ግልጽ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። መጽሐፉ ጥቁሮችንና ሌሎች የተገፉ ወገኖችን ጎድቷል አሉ። ከሌላው የማወቂያ መንገድ ሁሉ አመክንዮን ማስቀደም ራሱ የነጭ የበላይነት ባህል መሠረት ነው የሚል ሐሳብም ደብዳቤው ውስጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የአገልጋዮቹ ማኅበር የወቀሳ ደብዳቤ አወጣ። በ2020 ደግሞ ኮሚቴው የአገልግሎት ዕውቅናቸውን ነጠቃቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የሌላውንም ወገን እንስማ። ቤተ እምነቱ አብዛኛው አባሉ ነጭ ነው፤ ጥቁር አገልጋዮች ያነሱት ቅሬታም ባዶ አልነበረም። በ2017 የቅጥር አድልዎ ጥያቄ ተነስቶ ፕሬዚዳንቱ ፒተር ሞራሌስ የሥራ ዘመናቸው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ሥልጣን ለቀዋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ተጠያቂነትን አያውቁም ማለት አይቻልም። መጽሐፉን አንብቦ መናደድም፣ ተናዶ መመለስም መብት ነው። እኔም መጽሐፉ ልክ ነው እያልኩ አይደለም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ጎድተኸናል» የተባለ ሰው በምን ይከራከራል? «የትኛው ዓረፍተ ነገር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ራሱ የጥፋቱ ማስረጃ ከሆነበት፣ በቃ፣ ምንም መልስ የለውም። ዶግማ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ «ይህን አንቀጽ ጥሰሃል» ይልሃል። ዶግማ የሌለው ቤት ግን የሚጠቅሰው አንቀጽ የለውም፤ ቀስ ብሎ የብዙኃኑ ስሜት ሕግ ይሆናል። ለዚህ ነው ሊበራል የሆነ ተቋም ከሌላው በላይ የተጻፈ ሥርዓት ያስፈልገዋል የምለው።

«ታዲያ ፍርድ ቤት አይሄድም?» ትሉ ይሆናል። በአሜሪካ በሩ ጠባብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ሆሳና ታቦር በተባለው የሉተራን ትምህርት ቤት ጉዳይ፣ አንድም ዳኛ ሳይለይ፣ ቤተ እምነት አገልጋዩን ሲሾምና ሲሽር የሥራ አድልዎ ሕጎች ጣልቃ አይገቡም ብሏል። በ2020 ይህንኑ ከለላ አሰፋው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መንግሥት ቄስ ይምረጥልን የሚል የለም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ግን ነፃነቱ ዕዳ አለው፦ የውጭ ዳኛ በሌለበት፣ የውስጡ ዳኛ ካላዳመጠህ አቤት የምትልበት የለም።

ኤክሎፍን ያተረፋቸው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ቤተ እምነት አሠራር አገልጋዩን የሚመርጠው አጥቢያው ራሱ እንጂ ቦስተን አይደለም። የስፖኬን ምእመናን «የእኛው ናቸው» ብለው አስቀሯቸው። ዕውቅናቸው ተነጥቆም እዚያው ማገልገላቸውን ቀጠሉ፤ በኋላም ከመሰሎቻቸው ጋር ሌላ የዩኒቴሪያን ኅብረት አቋቋሙ። መልካም። ግን እንዲህ ያለ አጥቢያ ከጀርባው የሌለው ወጣት አገልጋይስ? ዓመታት የተማረበት ሙያ፣ የቤት ኪራዩ፣ ስሙ፣ ሁሉም በአንድ ደብዳቤ ይሄዳል። እሱን ያየ ጓደኛውም በሚቀጥለው ስብሰባ አፉን ይዘጋል። ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ አንድ ሰው ይባረራል፣ መቶ ሰው ዝም ይላል።

የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም። ክሱ በጽሑፍ ይሁን፣ ገጹና መስመሩ ይጠቀስ። በአደባባይ የከሰሰ ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥ። ውሳኔው ምክንያቱ ተጽፎ ለአባላቱ ይገለጽ። ይግባኙን ከኮሚቴው ጋር የማይሠራ፣ ከእሱም ሹመት የማይጠብቅ ሰው ይስማ። ተጎዳሁ የሚለውም ወገን ቢሆን የሚጠቀመው ከዚህ ነው፤ በጥድፊያ የተሰጠ ፍርድ የተጎጂውንም እውነት አጠራጣሪ ያደርገዋልና።

ግልጽ ደብዳቤ ዛሬ በስልክ ይፈረማል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛም በየቀኑ «ፈርሙ፣ አጋሩ» እንባላለን። ከመፈረማችን በፊት ሰውዬው ያለውን ራሱን እናንብብ፤ ከዚያ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው ወይ ብለን እንጠይቅ። ቦታው ከሌለ ሰውዬው ቢያጠፋም ፍርዱ ፍርድ አይደለም።