ክራር በዓይን አይገዛም!

የዛሬው ደብዳቤ ከወደ አጋሮ የመጣ ነው።

«የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። በጓደኛዬ ክራር ተለማምጄ ሰርግ ላይ መጫወት ጀምሬያለሁ። አሁን ከቡና ለቀማ ያጠራቀምኳት ብር አለችኝና የራሴን ክራር ልገዛ ነው። ጓደኞቼ ‹ኤሌክትሪኩን ግዛ፣ አራዳ ሁን!› ይሉኛል። አባቴ ግን ‹የቡና ብር በአዝማሪነት ልታቃጥል ነው?› ብለው አኩርፈውኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ውድ ወንድሜ፣ አባትህን አትቀየማቸው። ቡና ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ብር ሲባክን ማየት አይወድም። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ክራር ያምራል?» ሳይሆን «የትኛው ክራር ሰርቶ ይበላል?» ነው። ያንተ ሥራ እንደሆነ ዛሬ ጅማ፣ ነገ ሊሙ ገነት፣ ከነገ ወዲያ ሰቃ እያሉ መዞር ነው።

በመጠኑ እንጀምር። ሚኒባስ ውስጥ ጭንህ ላይ የሚቀመጥ ይሁን። ፖርቶመጋላ ላይ ከቡና ኬሻ ጋር የተጫነ ክራር ሲወርድ ማገዶ ነው! ትከሻህ ላይ የምታንጠለጥልበት ጠፍርም ይኑረው፤ ቆመህ ስትጫወት የግራ እጅህ ጣቶች ለክሮቹ ነፃ መሆን አለባቸው።

ገበቴው የእንጨት አለ፣ የብረት ሳህንም አለ። ብረቱ ይጮሃል፣ ቢወድቅም ቢበዛ ይጎደጉዳል። እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ድምፁ ግን ሞቅ ያለ ነው። እኔ እየዘፈነ ለሚጫወት ሰው የምመርጠው እንጨቱን ነው፤ ብቻ ወፍራም ጨርቅ ያለበት ማኅደር አሰፋለት።

ከሁሉ በላይ ቆዳው! የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። ፀሐይ ሲበዛበት ደግሞ ከልክ በላይ ይወጠራል፣ ሲብስም ይቀደዳል። በአውራ ጣትህ ጫን በለው፤ ስርጉድ ካለ ተወው።

ክሩ ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይለንና ሽቦ በዝቷል። ናይለን ለስለስ ይላል፣ ሽቦ ጎላ ይላል። ቢበጠስ እዚያው አካባቢህ የምታገኘውን ምረጥ፤ መለዋወጫውም ከኪስህ አይጥፋ።

አሁን ዋናው ፈተና። ባለቤቱን አስፈቅደህ ትዝታን ቃኝበት። ከዚያ አስቀምጠውና ቡናህን ጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስታነሳው ቅኝቱ ከሸሸ… አትግዛ! ካልሸሸ ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ አንቺሆዬ አዙረው። ሰርገኛው በኦሮምኛም በአማርኛም ዝፈንልን ይልሃል። እሱ ለጭፈራ ተነስቶ አንተ መቃኛ ስታጠማዝዝ ብታመሽ ሁለተኛ ማን ይጠራሃል?

ኤሌክትሪኩስ? የጓደኞችህን ሐሳብ አልንቅም። አዳራሽ ውስጥ ከባንድ ጋር ለሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ግን የገጠር ሰርግ ላይ መብራት ድርግም ሲል ምን ልትሆን ነው? የሞንታርቦ ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? ያለ መብራት የሚጣፍጠውን ግዛ፤ ድምፅ መሳቢያውን ገቢህ ሲደላደል ታስገጥምለታለህ።

«አዝማሪነት» ስለሚባለውም አትሸማቀቅ። ካሳ ተሰማንና ሜሪ አርምዴን አገር ያወቃቸው በክራራቸው ነው። አስናቀች ወርቁ በ2004 ዓ.ም. ከማረፏ በፊት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጲክ» የተባለው የፈረንሳዮቹ ተከታታይ 16ኛ አልበሙን ለእሷ ሰጥቷል፤ በርዕሱም «ባለ ክራሯ እመቤት» ብሏታል።

ለአባትህ ግን ይህን አትስበክላቸው። ካጠራቀምከው ብር ግማሹን ሳትነካ እሳቸው ጋ አደራ አስቀምጥ። ከየሰርጉ ያገኘኸውን፣ ለክርና ለትራንስፖርት ያወጣኸውን በደብተር ጻፍ። ከሦስት ሰርግ በኋላ ደብተሩን ይዘህ አጠገባቸው ቁጭ በል። ዘፈን የማይወድ አባት ቢኖር እንኳ ሒሳብ የማይገባው የቡና ገበሬ የለም።

ሳምንት ሰው ይበለን!