ተቀባይ ይቆጠር፦ ከማታር የተነሣ ማኒፌስቶ

ዘፈንን በሕዝብ ብዛት የሚለካው ሥርዓት አብቅቶለታል። ሜዳ ሞልቶ ዘፋኙን ባዶ እጁን ሰደደ። ካሜራ ደርድሮ ጆሮ ነሣ። ላባውንና ጨሌውን አሳይቶ ግጥሙን ዋጠ። መውደቁን ዘፋኙ ያውቃል፤ አዘጋጁ ያውቃል፤ ሁለተኛው ዘፈን ሳይጀመር ስልኩን ያወጣው ተመልካችም ያውቃል። የፈረሰውን አንመረምርም፤ የሚገነባውን እናውጃለን።

የምንነሣው ከማታር ነው። ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ በዋንቱዋ ወረዳ ያለች የድንበር ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ውኃው ሜዳውን ይወርሳል፤ መንገዱ ይቆረጣል፤ የመኪናውን ሥራ ጀልባ ይረከባል። በ2017 ዓ.ም. ከድንበሩ ማዶ፣ በደቡብ ሱዳን፣ ናስርና ኡላንግ በጦርነት ሲታመሱ ነፍሱን ያተረፈው ወደዚህ ተሻገረ፤ ኮሌራም ተከተለው። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ዘፈን መድረክ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ይምሰለው። ያ የተሻገረ ሰው ከብቱን ጥሎ መጥቶ ይሆናል፤ ለበሬው የገጠመውን ዘፈን ግን አልጣለም። ትውልዱም ፍቅሩም የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል።

የምንቆጥረው ተቀባይን ነው። በአገራችን ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለው፤ ተቀባይ ያጣ አውራጅ ጉሮሮውን አደረቀ እንጂ አልዘፈነም። የኑዌር ጎረምሳ ለአቅመ አዳም ደርሶ በሬ ሲሰጠው ስሙን ከበሬው ይወስዳል፤ ቃጭል አስሮለት፣ ቀንዱን አስጊጦለት፣ እየመራው የራሱን ግጥም ያዜማል። ግጥሙ የማንም አይደለም፤ የእርሱ ነው። ዘሩን ያነሣበታል፤ ወዳጁን ያወድስበታል፤ ቂሙን ይወጣበታል። የሚመዝኑት እኩዮቹና ልጃገረዶቹ ናቸው። ሃምሳ ሺህ ሰው ተሰብስቦ የበሬውን ቀለም የሚያውቅ አንድ ሰው ከታጣ ያ ዘፈን አልተሰማም። የአኙዋክ ቶምም እንዲሁ ነው፦ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ላይ የተደረደሩት ምላሶች በአውራ ጣት ሲነኩ የሚያወጡት ድምፅ ጥቂት እርምጃ ከራቁት ይጠፋል። መሣሪያውን የሠራው ሰው የአድማጩን ቁጥርም አብሮ ወስኗል። ወደ መሐል አገር ብንሄድ ነገሩ ያው ነው። አዝማሪ ቤት አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ መልሶ ሲወረውረው፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ስታዲየም ውስጥ «ተቀበል!» ያለውን ሰው ማን ይሰማዋል?

ጥቂት ሰው ፊት መዝፈን ውርደት የለበትም፤ ውርደቱ ዳር መጣል ነው። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ለአፍሪካ ተብሎ በተጠራው የላይቭ ኤይት ኮንሰርት ቀን ለንደን ሃይድ ፓርክ ወደ 200,000 ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ብዙ አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ኮርንዎል ወደሚገኘው ኤደን ፕሮጀክት ተላኩ፤ እዚያ የነበረው 5,000 ያህል ሰው ነው። ከተላኩት አንዱ የኑዌር ልጅ፣ በሕፃንነቱ ወታደር የነበረው ኢማኑኤል ጃል ነበር። በስሟ ድግስ ተደግሶ አፍሪካ ጓዳ ተቀመጠች። ከ5,000 ሰው ጋር ጠብ የለንም፤ ለማታር 5,000 የሰው ጎርፍ ነው። ጠባችን ትንሹን መድረክ የቅጣት ቦታ ካደረገው ሐሳብ ጋር ነው። እኛ የምንሠራው ፌስቲቫል ዋና መድረክ አይኖረውም፤ ስለዚህ ዳር የሚባል ቦታም አይኖረውም።

ሰልፍ ዘፈንን አይተካም። አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ተከብሯል። ክብሩን አንነፍገውም፤ የአገሩ ሁሉ ልዑክ መጥቶልናል። ነገር ግን ከሰማንያ የሚበልጥ ብሔረሰብ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ሲያልፍ ልብስ ይታያል፤ ግጥም አይሰማም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ በጥር ወር የኑዌርና የአኙዋክ ልጆች ተጋደሉ። በዓሉ አጋደላቸው አንልም። ጎን ለጎን መሰለፍ ግን የአንዱን ዘፈን ሌላው እንዲቀበል እንዳላደረገ አይተናል። በምንሠራው መድረክ አኙዋክ የኑዌርን ዘፈን ይቀበላል፤ ኑዌር የአኙዋክን ይቀበላል፤ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በሙሉ ሰዓታቸው ይዘፍናሉ፤ ከናስር የተሰደደው በእንግድነት ሳይሆን በባለቤትነት ይቆማል።

እዚህ ላይ ራሳችንን አናሞካሽ። ዘፈኖቻችን ንጹሐን አይደሉም። ፉከራ አለባቸው፤ ስድብ አለባቸው፤ ጭፈራ ላይ የተወረወረ ግጥም ዱላ ያማዘዘበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከዘፋኙ አጠገብ ይቀመጣሉ። የመናገሩን ጊዜና የመተዉን ጊዜ የሚለዩት እነርሱ እንጂ የመድረክ አስተዋዋቂው አይደለም።

ክፍያው እኩል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1963 የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል እንደገና ሲቋቋም ፒት ሲገርና ባልደረቦቹ አንድ ደንብ ይዘው ተነሡ፦ ዝነኛም ይሁን ስሙ ያልተሰማ፣ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ 50 ዶላር፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ። ወጣቱ ቦብ ዲላንም፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ተረስቶ የኖረው ሽማግሌው ጆን ኸርትም በዚያ ዓመት በዚያ ደንብ ዘፈኑ። ከዋናው መድረክ ርቆም አድማጭ ከዘፋኙ እግር ሥር ተቀምጦ የሚጠይቅባቸው፣ ዘፋኙም እያስረዳ የሚጫወትባቸው የቀን መድረኮች ነበሩ። በአሜሪካ ገበያ መሐል ይህ ከተቻለ በማታር የማይቻልበት ምክንያት የለም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣው ኮከብና ከጂካዎ በጀልባ የሚመጣው ከበሮ መቺ እኩል ይከፈላቸዋል። ይህን የማይቀበል ኮከብ ካለ አንቀየመውም፤ ስታዲየሙ አለለት።

መድረኩ ዘፈኑ ወዳለበት ይሄዳል። በበጋ፣ መሬቱ ደርቆ ከብቱ ወደ ወንዝ ዳር ሲወርድ፣ ሰዉ በሰፈረበት ይሆናል። ከፍ ያለ መቆሚያ አናቆምም፤ አውራጁና ተቀባዩ በአንድ መሬት ይቆማሉ። የኑዌር ከበሮ፣ ቡል፣ ድምፅ ማጉያ አይሻም፤ ሜዳውን በራሱ ጉልበት ያቋርጠዋል። ለቶምም ማጉያ አናመጣም፤ አድማጩ ይጠጋል። ሃያ ሰው ከበቃው ሃያ ይሁን፤ የቀረው ከሌላው ክብ ይግባ።

ዘፈኑም ባለቤት አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለስቱዲዮ ሰዎች ብቻ አልታወጀም፤ ለበሬው የሚገጥመውንም ይመለከታል። ያለ ገጣሚው ፈቃድ ቅጂ አይወጣም፤ ከሚወጣውም አንዱ በእጁ ይቀራል።

ለክልልና ለወረዳ የባህል ጽሕፈት ቤቶች፦ በሪፖርታችሁ ላይ «የታዳሚ ብዛት» የሚለውን መስመር ሰርዙና ስንት ሰው እንደተቀበለ ጻፉ። በአዲስ አበባ ፌስቲቫል ለምታዘጋጁ፦ የጋምቤላን ዘፋኝ ለአምስት ደቂቃ አትጥሩት፤ አንድ ሌሊት ስጡት ወይም ተዉት። በኦማሃና በሚኒያፖሊስ ለምትኖሩ ልጆቻችን፦ አያቶቻችሁ የገጠሙትን በስልካችሁ ቅዱና ላኩልን። መንገዱ ሰላም በሆነበት በጋ ወደ ማታር ለምትመጡ ሁሉ ደግሞ፦ ከመነሣታችሁ በፊት የአንድ ዘፈን መቀበያ ተማሩ። መግቢያው እርሱ ነው፤ ሌላ ትኬት የለንም።