ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም አትቀቡ!

ነሐሴ ሲገባደድ ሰው ሁሉ ወደ ቀለም ሱቅ ይሮጣል። ቤት ካልተቀባ እንቁጣጣሽ የማይገባ ይመስለናል። ልማዱ ደስ ይላል፤ ጊዜው ግን ስህተት ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ግድግዳ ላይ ቀለም መለቅለቅ ብርን ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ቀለሙ በጥቅምት ያብጣል፤ በኅዳር ይላጣል፤ ጥጋጥጉ ይሻግታል። ያኔ «የዛሬ ቀለም ውሃ ነው» እንላለን። ከልክ በላይ እያቀጠንን ውሃ የምናደርገው እኛው መሆናችንን እንረሳለን። ዋናው ጥፋተኛ ግን ከቀለሙ ጀርባ ያለው እርጥበት ነው። ግድግዳው ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል። ከልስኑ ጨው ይዞ ሲወጣም ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «አንድ እጅ ጨምርበት» የሚለው ምክር ነው። አዲሱ እጅ የሚይዘው የሥረኛውን ነው፤ ሥረኛው ሲለቅ አብሮት ይወርዳል። ይህ ጥገና ሳይሆን ሽፋን ነው።

የተበላሸበት ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ይፈልግ፦ ከጣሪያ፣ ከአሸንዳ፣ ከጎረቤት ቧንቧ ወይስ ከመሠረት? እሱ ካልተዘጋ የቀረው ሥራ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የለቀቀውን በስፓቱላ ያንሳ፤ ሻጋታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና ይጠብ (ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቅል)፤ መስኮት ከፍቶ ያድርቅ። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ አንድ ቀን ያቆየው። ከሥሩ ላብ ካገኘ ይጠብቅ። ሲደርቅ ስቱኮ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አቧራ መጥረግ፣ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኗል፤ ቀድሞ የተቀባውን ግን ደንቡ ከግድግዳችን ላይ አልፋቀውም። አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉ፤ እያረጠባችሁ ፋቁ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች እቤት አይዋሉ።

አከራዮችም ስሙ። ሻጋታን በቀለም ሸፍኖ «የታደሰ ቤት» ብሎ ማከራየት ማታለል ነው። በኪራይ አዋጁ መሠረት ውል ከ2 ዓመት አያንስም፤ ተከራዩና ልጆቹ ያን ሻጋታ 2 ዓመት ይተነፍሱታል። ተከራዮች ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ቁም ሳጥኑን አስጠግታችሁ ከኋላው እዩ፤ ያያችሁትንም ውሉ ላይ አስጽፉ።

«ታዲያ በዓሉን በቆሸሸ ግድግዳ እንቀበል?» የሚል አይጠፋም። ግድግዳችሁ ደረቅ ከሆነ ዛሬውኑ ቀቡ። ካልሆነ ግን ቤቱን አጽዱ፣ ቄጠማ ጎዝጉዙ፣ ቡናውን አፍሉ፤ እንግዳ የሚመጣው ግድግዳ ሊመረምር አይደለም። የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ ግድግዳውን ያድርቅላችሁ፤ ቀለሙ ለገና ይደርሳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ ደግሞ በየዓመቱ እያፈሰስን ነው።