«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

አባባ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸው ጀምሯል። ሲራመዱ አንደኛው እጃቸው አይወዛወዝም፤ እግራቸውንም ይጎትታሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፈዋል። እጃቸው ስለማይንቀጠቀጥ ፓርኪንሰንን የሚጠረጥር የለም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ ስሙን ከመንቀጥቀጥ ጋር አያይዞት ነበር። ነገር ግን መንቀጥቀጥ የማይታይባቸው ታማሚዎችም አሉ። ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚፈልጉት ምልክት የእንቅስቃሴ መዘግየትን ነው። መነሻው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች እያለቁ መሄዳቸው ነው።

ምርመራው መሣሪያ አይጠይቅም። ሐኪሙ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በሰፊው እየከፈቱ፣ በተቻለ ፍጥነት አሥር ጊዜ እንዲያጋጥሙ ይጠይቃል። ቀጥሎ እጅን መጨበጥና መዘርጋት፣ መዳፍን ማገላበጥ፣ ተረከዝን ሳያነሱ በእግር ጣቶች ወለሉን መምታት ይከተላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ስለሚጀምር ቀኝና ግራ ለየብቻ ይታያሉ።

የሚታየው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ጤናማ አዛውንት ቀስ ቢሉም እንቅስቃሴያቸው ከሞላ ጎደል እንደጀመሩት ይዘልቃል። በፓርኪንሰን ግን መጀመሪያ በሰፊው የተከፈቱት ጣቶች እየጠበቡና እየዘገዩ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ቆም ይላሉ። የእጅ ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ መስመሩ ሲጀመር ትልቅ የነበረው ፊደል ወደ መጨረሻው ይደቃል።

ይህን ቤት ውስጥ ሞክሮ በሽታውን ማወቅ አይቻልም። የመገጣጠሚያ ሕመምና ስትሮክም እጅን ያዘገያሉ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችና ለማስመለስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራሚድም ተመሳሳይ ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ በራሳችሁ ግን አንዱንም አታቋርጡ።

ፓርኪንሰን እስካሁን ፈውስ ባይገኝለትም ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት እንቅስቃሴን በእጅጉ ያቀላል። ስለዚህ ከሐኪም በፊት የወላጆቻችንን እጅ ማየት ያለብን እኛ ነን። ቁልፉ አልቆለፍ ሲላቸው «ቶሎ በሉ እንጂ» ብለን አናስጨንቃቸው፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለን «ይህ ከመቼ ጀመረዎት?» ብለን እንጠይቃቸው።