«ማቅለል» እና «ማቃለል»፦ የኮዬ ፈጬ አብነት

«ቀለለ» ከሚለው ግስ የወጡት «ማቅለል» እና «ማቃለል» በጥናታዊ ጽሑፎች ሊምታቱ አይገባም። ማቅለል የከበደውን ቀላል ማድረግ ነው። ማቃለል ግን ሁለት ፍች አለው፦ ችግርን ማስታገስ፣ እንዲሁም ክብደት ያለውን ጉዳይ አሳንሶ ማየት።

ኮዬ ፈጬ ሁለቱንም ያሳያል። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ የተገነቡት የአዲስ አበባን የቤት እጥረት ለማቃለል ነበር። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ ግን በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ክርክሩን የወሰን ጥያቄ ብቻ አድርጎ ማቅረብ የቆጣቢውን የዓመታት ጥበቃም ሆነ መሬቱን የለቀቀውን ገበሬ ኑሮ ያቃልላል፤ ይህም በሁለተኛው ፍች ነው።

ስለዚህ ከልክ ያለፈው ቅለት «አቃሎ ማየት» ቢባል ይሻላል። ተመራማሪውም ያቀለለው አገላለጹን ይሁን ያቃለለው ጉዳዩን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል።