ውሃ የማትጠጣው መኪና
ቮልስ መሃል መንገድ ላይ ተገትራ ባየን ቁጥር «አረጀች፣ ምን ትሠራለች!» ማለት ይቀናናል፤ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደምበጫ ከተማ ውስጥ ሲያልፍ ጭነት የያዘ አይሱዙ፣ ባጃጅና ጋሪ ይጋፉበታል፤ አንዲት መኪና ከቆመች ጡሩምባው አያድርስ ነው። ያኔ አንድ ደግ ሰው ውሃ በጀሪካን ይዞ ከተፍ ይላል። ምን ዋጋ አለው፣ ቮልስ ራዲያተር የላትም! ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛትም ነፋስ ነው። ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የምታዞረው አንዲት ቀጭን ቺንጋ ናት። ቺንጋዋ ስትበጠስ ቀዩ መብራት ቦግ ይላል፤ ሾፌሩ «ባትሪ ነው፣ ቤት ያደርሰኛል» ብሎ ከነዳ ሞተሩን ያቃጥላል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሾፌሩ እንጂ የእርሷ አይደለም። በአዲስ እንዳንተካት ደግሞ የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ አብቅቷል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለዚህ አሮጌዎቹ ገና አብረውን ይከርማሉ። እናንተ የቮልስ ባለቤቶች፣ ትርፍ ቺንጋ፣ መፍቻና ካቻቢቴ ሳትይዙ ከቤት እንዳትነሡ።